የእህቴ ወፍጮና ከፍተኛው ጭነት

እህቴ ወፍጮ ቤቷን የሠራችው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ውሃው ለሁለት በሚለያይበት ሸንተረር አናት ላይ ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ግማሹ በምሥራቅ በኩል ገደሉን ይዞ ወደ ቆላ፣ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሌላው ግማሽ በምዕራብ በኩል በሬሳ ወንዝ ይገባል፤ ከበሬሳ ጀማ፣ ከጀማ አባይ ይገባና በመጨረሻ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የእህቴ ግማሽ ቆርቆሮ ያለ ደመወዝ የመብራት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ ለዚያ ቆርቆሮ ባለቤት ምን እንዳደረገላት ልናገር ነው የተነሳሁት።

እኔም የዚያው መሥሪያ ቤት ሰው ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕቅድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ አገሩ በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል መብራት ይፈልጋል የሚለውን ከሚያሰሉት ጋር አብሬ አስልቻለሁ። እዚያ ቤት «ፍላጎት» የሚባለው ሰው የሚፈልገው ነገር አይደለም። ቆጣሪ ውስጥ ያለፈው ብቻ ነው። አንድ መንደር ሳምንቱን ሙሉ መብራት አጥቶ ከከረመ፣ የዚያ ሳምንት ፍላጎቱ ባዶ ተብሎ ይያዛል። ከዚያ አለቆቻችን ሰንጠረዡን ያዩና፣ ገጠሩ ገና መብራት መጠቀም አልለመደም ይላሉ። ይህን የሚሉት ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ክራባት ያሰሩ፣ ስብሰባ ላይ ማኪያቶ የሚቀርብላቸው ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ቂልነት በትልቅ ድምፅ ሲናገሩት እየሰማሁ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

እህቴ መብራት ከመግባቱ በፊት የናፍጣ ወፍጮ ነበራት። ጭሱ ያስለቅሳል፣ ጩኸቱ ማዶ ድረስ ይሰማል፤ ናፍጣ እስካለ ግን ይፈጫል። መስመሩ ወደ መንደሩ ሲገባ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የነበረው ሰውዬ ነገሩን ሁሉ የራሱ ሥራ አደረገው። ረጅም፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግ፣ ማንም ሳይጋብዘው ንግግር የሚጀምር ሰው ነበር። እህቴ እስከ መጨረሻው «እሳቸው» ትለዋለች፤ እኔ አንድም ቀን ብዬው አላውቅም። ትራንስፎርመሩ የተሰቀለ ዕለት በግ ታረደ። ሰውዬው ደረቱን ነፍቶ፣ ከእንግዲህ የናፍጣ ወፍጮ የሚያስቀምጥ ሰው በልማቱ ላይ እምነት የሌለው ነው ብሎ ተናገረ። እህቴ እምነት የላትም እንዳትባል ሞተሩን ከነመሠረቱ አስነቅላ ለብረታ ብረት ነጋዴ ሸጠችው፤ በምትኩ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባች፤ አንዱ ለዱቄት፣ አንዱ ለገብስ መፈተጊያ። የናፍጣው ሞተር በጭነት መኪና ተጭኖ በጫጫ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሰውዬው መንገድ ዳር ቆሞ በእጁ ሸኘው።

ወፍጮ ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። ተራ የሚያዘው በጆንያ ነው። ሰው ጆንያውን አሰልፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ እስኪመለስ የማንም ጆንያ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ተራ የሚዘልለው የሐዘን ቤት እህል ብቻ ነው። ሰው የሞተበት ቤት፣ ለለቅሶም ይሁን ለተዝካር፣ ጆንያውን የሚልከው አፉን በጥቁር ጨርቅ አስሮ ነው። እሱ ሲመጣ ማንም ምንም ሳይናገር የተሰለፉት ጆንያዎች ወደ ኋላ ይገፋሉ። ዋጋም አይጠየቅበትም። የሠርግ ይሁን፣ የማኅበር ይሁን፣ የክርስትና ይሁን ሌላው ድግስ ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ለቀስተኛ ደጅ ሞልቶ ሳለ ግን የሐዘን ቤትን ተራህን ጠብቅ ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። ይህን ማንም አስተማሪ አላስተማረም፣ የትም አልተጻፈም፤ ወፍጮ ያለው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

መብራቱ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ከዚያ ፈረቃ መጣ። በጋ ላይ ሲጠፋ የግድቦቹ ውሃ ቀንሷል ተባልን። ክረምት ላይ ሲጠፋ ዝናቡ በዛ፣ ምሰሶ ጣለ ተባልን። ውሃ ሲያንስም ሲበዛም ጨለማው የእኛ ነው። መስከረም ላይ ግድቡ ጢም ብሎ ሲሞላ በቴሌቪዥን ያሳያሉ፤ እኛ ያንን ለማየት ደብረ ብርሃን መሄድ ነበረብን። የተረፈውን ኃይል ለጎረቤት አገሮች እንሸጣለን ይላሉ። መሸጡን አልጠላም። ውሃው የሚመጣው በክረምት ነው፤ ግድብ ሲሞላ ያልሸጡት ውሃ እንዲሁ ፈስሶ ይቀራል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ከእኔ በላይ ያሰላው የለም። የሚያቃጥለኝ «የተረፈ» የሚለው ቃል ነው። ከማን የተረፈ? ከእህቴ ደጃፍ ጆንያ ተደርድሮ እያደረ ከማን ነው የሚተርፈው? መልሱን ከድሮ ወንበሬ አውቀዋለሁ። ጎረቤት አገር በዶላር ይከፍላል። መጋዘን ውስጥ ኮምፒውተር ደርድረው ቀን ከሌት ቁጥር እያስፈጩ የኢንተርኔት ገንዘብ የሚያመርቱትም በዶላር ይከፍላሉ። ገብስ አስፈጪ የሚከፍለው በብር ነው፤ ስለዚህ ፍላጎት የለውም።

ታሪፉ የተሻሻለ ጊዜ፣ ጨመረ ማለት ስለሚያሳፍራቸው «ተሻሻለ» ነው የሚሉት፣ ከከተማ አንድ ወጣት ባለሙያ ሊያስረዳን መጣ። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ልጁ ፕሮጀክተር ይዟል። ዕለቱ ፈረቃችን ስላልነበረ ከመኪናው ላይ ጄኔሬተር አወረዱ። ጄኔሬተሩ በር ላይ እያጓራ፣ ልጁ የአገሪቱ የመብራት አቅርቦት እንዴት እንዳደገ የሚያሳይ ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራልን። ጩኸቱ ሲበረታበት እሱም ድምፁን ከፍ አደረገ። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያ ሊቀመንበር የነበረው ሰውዬ ከፊት ወንበር ዞሮ ገላመጠኝ።

ልጁ እንዳስረዳን፣ ወፍጮ ቤቶች ከእንግዲህ የሚከፍሉት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ለተጠቀሙበት ነው። ሁለተኛው ለ«ከፍተኛ ጭነት» ነው። በወሩ ውስጥ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ኃይል የተሳበበት ሰዓት በቆጣሪው ይያዛል፣ ክፍያው በዚያ ይታሰባል። ሁለት ሞተር ለአንድ ጊዜ እንኳ አብሮ የተነሳ እንደሆነ፣ ወሩን ሙሉ ሁለቱም እንደሠሩ ይቆጠራል። ያን ያህል ኃይል ለእናንተ ብለን አዘጋጅተን መጠበቅ ስላለብን ነው አለ።

እህቴ እጇን አወጣች። «ልጄ፣ እኛ መብራት በጠፋብን ቀን ያ ያዘጋጃችሁልን ኃይል የት ነው የሚቀመጠው?» አለችው።

ልጁ ጥያቄው ጥሩ እንደሆነ፣ ከስብሰባው በኋላ እንደሚያዩት ተናገረ። ያን ጊዜ ሰውዬው ተነሳ። የተደረገልንን የማናውቅ ሰዎች መሆናችንን ወቅሶ፣ ታሪፉ በመሻሻሉ ደስ ብሎናል ብሎ በሁላችንም ስም አመሰገነ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሕዝባችን የሚያጨበጭበው ስለተስማማ አይደለም፣ ስብሰባው እንዲያልቅለት ነው፤ እነሱ ግን ያንን ጭብጨባ ይዘው ሄደው ሪፖርት ላይ ይጽፉታል። ከዚያ ጄኔሬተሩን ጭነው ሄዱ። የእህቴን ጥያቄ ከስብሰባው በኋላ ያየላት ሰው የለም።

እሷ ግን የሰማችውን አልረሳችም። ከአሮጌ ነጠላ ቀድዳ የመፈተጊያውን ማብሪያ አሰረችው። ዱቄት ሲፈጭ መፈተጊያው ይታሰራል፤ መፈተጊያው ሲሠራ ቋጠሮው ወደ ዱቄቱ ማብሪያ ይዛወራል። ሁለቱ አብረው እንዳይነሱ ነው። ሥራው ተንቀረፈፈ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ጆንያውን በአህያ ጭኖ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ሄደ። ያቺ ወፍጮ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችባት ናት፣ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። በየጊዜው በሚጨምረው ዋጋና በፈረቃው መካከል እንደምንም እየተንጠለጠለች ነበር የምትኖረው። አንድ ወር ቋጠሮው ከተፈታ መዝጋት እንደሚመጣ እሷም ታውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር።

ጥር ላይ ሰውዬው ሞተ። ለአጭር ጊዜ ነው የታመመው። እኔ ያን ሰሞን ከእህቴ ጋር ነበርኩ። አላዘንኩም፤ አዝኛለሁ ብዬ ማስመሰልም አልፈልግም። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና ወፍጮው ደጃፍ ላይ ጆንያው ተኮልኩሏል። በማለዳ የሚስቱ ወንድሞች አፋቸው በጥቁር ጨርቅ የታሰረ ጆንያዎች ተሸክመው መጡ፤ ስንዴው ለዳቦ፣ ገብሱ ለእንጀራ። ከሰላ ድንጋይ ዘመዶቹ መንገድ ጀምረዋል ተባለ። ጆንያዎቹ ከፊት ተቀመጡና ሁላችንም አምፖሉን እያየን ቁጭ አልን።

ረፋድ ላይ በራ። እህቴ ስንዴውን አፍስሳ የዱቄቱን ሞተር አስነሳች። ከዚያ ወደ መፈተጊያው ሄዳ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። ተነስቼ እጇን ያዝኩ። ገብስ መጀመሪያ ይፈተጋል፣ ከዚያ ነው የሚፈጨው፤ ስንዴው እስኪያልቅ ከጠበቀች መብራቱ ሊሄድባት ይችላል። ይህ ገብቶኛል። ቢሆንም እጇን አልለቀቅኩም።

«እትዬ፣ ስንዴው ይበቃቸዋል» አልኳት። «ለዚህ ሰውዬ ብለሽ ወፍጮሽን ልታጪ ነው? ናፍጣውን ያሸጠሽ እሱ ነው። በታሪፉ ደስ ብሎናል ያለውም እሱ ነው።»

«እሳቸውማ ሞቱ» አለችኝ። «የሚበላው ለቀስተኛው ነው። እጄን ልቀቀኝ።»

ለቀቅኳት። ሁለቱ ሞተሮች አብረው ሲነሱ አምፖሉ ደብዘዝ አለ፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ከጆንያዎቹ ጀርባ የቆሙት ሰዎች ያያሉ። ምን እየተደረገ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስብሰባው ላይ ነበሩ፣ አጨብጭበዋል። ገብሱ ተፈትጎና ተፈጭቶ እስኪያልቅ አንድም ሰው የራሱን ጆንያ ወደፊት አልገፋም። ሲያልቅ እህቴ መፈተጊያውን አጠፋችና ቋጠሮውን መልሳ አሰረችው። ቆጣሪው ግን የሚይዘውን ይዟል። የሌላው ተራ ሳይደርስ መብራቱ ሄደ፤ በዚያ ወር ከዚያ በኋላ የመጣው ለስሙ ያህል ነው።

ሂሳቡ ሲመጣ ወሩን ሙሉ ሁለቱንም ሞተር አስነስታ እንደፈጨች ሆኖ ነበር። ደብረ ብርሃን ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ ቅርንጫፍ ወረድኩ። የተቀበለኝ ያው ፕሮጀክተር ይዞ የመጣው ልጅ ነው። አባቴ አለኝ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ ላስመጣልዎት አለ። ሻዩን ተወውና ስማኝ አልኩት። ሞተሮቹ አብረው የሠሩት አንድ ረፋድ ብቻ መሆኑን፣ ወሩን አብዛኛውን መስመሩ ራሱ ባዶ እንደነበር አስረዳሁት። ኮምፒውተሩን ነካካ፣ አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

«አባቴ፣ እኔም ይገባኛል» አለኝ። «ሲስተሙ ግን መብራት የጠፋበትን ጊዜ አያውቅም። ከፍተኛውን ብቻ ነው የሚይዘው።»

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁ አልዋሸም፤ የተናገረው እውነት ነው። መብራት መቼ እንደጠፋ የማያውቅ የመብራት መሥሪያ ቤት! ስንት ዓመት ያ ሁሉ አበል ተበልቶ፣ ያ ሁሉ ሥልጠና በየሆቴሉ ተሰጥቶ፣ የተገኘው ይኸው ነው። የወሰድነውን አንድ ረፋድ ያስታውሳል፣ የከለከሉንን ወር አያስታውስም። ልጁ ከጀርባዬ ቅሬታ ማቅረብ እንደምንችል እየነገረኝ ወጣሁ። ቅሬታ አቀረብንም፤ ወደ ላይ ተልኳል አሉን። ያ «ላይ» የሚባለው ቦታ እኔ ራሴ የምሠራበት ፎቅ ነበርና ምን እንደሚደረግበት ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

እህቴ የቻለችውን ከፈለች፣ የቀረው እየተጨመረበት ሄደ፣ ግንቦት ላይ ሊቆርጡ መጡ። የመጡ ቀን መብራት አልነበረም። አንደኛው ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦውን ቆርጦ ወረደ። ቤቱ ውስጥ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ አምፖሉ እንደጠፋ፣ ሞተሮቹም እንደቆሙ ናቸው። ጨርሰው እጃቸውን ሲያራግፉ እህቴ ጠላ ቀድታ ሰጠቻቸው። እኔ ብሆን ውሃም አላቀምሳቸው ነበር። ሲሄዱ ቺንጋዎቹን፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኙትን ቀበቶዎች፣ ከሞተሮቹ ላይ አውልቃ ጠቀለለቻቸው፣ በሩንም ቆለፈች።

ሐምሌ ላይ የሰውዬው መንፈቅ ደረሰ። ሚስቱ ለተዝካሩ የሚሆን ስንዴ አስይዛ መጣች፤ አፉ በጥቁር ጨርቅ ታስሯል። የሐዘን እህል ተራ ስለማይዝ ሰው እስከ መጨረሻው ያቆየዋል፤ እሷም አቆይታው ተዝካሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ያመጣችው። ሐዘን ላይ ስለነበረች ከቤት አልወጣችም፣ የሆነውን የነገራት የለም። በሩ ላይ ቁልፉን ስታይ ደነገጠች። ምን ሆናችሁ ነው አለች።

አፌን ከፈትኩ። ስድስት ወር ሙሉ ያጠራቀምኩት ነው። ስለ ናፍጣው፣ ስለ ጭብጨባው፣ ስለዚያ ረፋድ፣ ሁሉንም ልዘረግፍላት ነበር። እህቴ ቀደመችኝ። ሞተሩ ተቃጥሎብኝ ነው፣ አይዞሽ፣ ነገ ደብረ ብርሃን ወስጄ አስፈጭልሻለሁ አለቻት። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ልጅ ሳለን እንግዳ ፊት ሳጠፋ በምታየኝ ዓይን ነበር ያየችኝ። አፌን ዘጋሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ሴትዮዋ አታውቅም።

በማግስቱ ጆንያውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ወረድን። ዝናቡ አንድ ጊዜም አላባራም። ከመናኸሪያው በባጃጅ ወፍጮ ቤት ደረስን። ትልቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ባለቤቱ ወጣት ሰው ነው፣ ስልክ ጆሮው ላይ ነው። እህቴ ጆንያውን እየጎተተች በቀጥታ ወደ ፊት ሄደች፤ ጥቁሩን ጨርቅ ያዩታል ብላ ነው። ማንም አላየውም። አንዷ ሴት፣ እናቴ ሰልፍ አለ አለቻት።

«የሐዘን ቤት ነው፣ ልጄ» አለችው እህቴ ባለቤቱን፣ ቀስ ብላ።

ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ በእጁ ወደ ኋላ አሳያት።

እህቴ ወደ ኋላ ዞረች። ወፍጮዋ ሲዘጋ አላለቀሰችም፣ ሽቦው ሲቆረጥ አላለቀሰችም። አሁን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስታነሳ አየኋት። ጆንያውን ተቀብያት ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጥኩት። ያን ሰውዬ በሕይወቴ እንደናቅኩት የናቅኩት ሰው ጥቂት ነው፤ የእሱን ተዝካር ስንዴ አቅፌ ከማላውቃቸው ሰዎች ኋላ ስቆም ግን የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም ነገር ጠፋብኝ፣ አፈርኩ ብቻ።

ከፊታችን ጥቂት ሰዎች ሲቀሩ መብራት ጠፋ። ባለቤቱ ስልኩን ኪሱ ከተተና ነገ ተመለሱ ብሎ በሩን መሳብ ጀመረ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መንገዱን ሞልቶ ቁልቁል ወደ በሬሳ ይወርዳል። እህቴ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ተዝካሩ ነገ ነበር።